ፎርሟን ያጣችው የእህቴ ልጅ

መምህር የሆነ ሰው ትልቁ በሽታው ዝም ማለት አለመቻሉ ነው። ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ወደ ሰማይ ካንጋጠጠ ስለ ደመና ዓይነቶች ሳናስረዳው አናልፍም። እኔ ደግሞ የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው፤ በዚህ የተነሳ ሆሳዕና ውስጥ ዝናብ ሲያስፈራራ እኔን አይቶ መንገድ የሚቀይር ሰው ብዙ ነው። አልቀየምም። የተቀየመኝስ ሆዴ ነው። ለምን እንደተቀየመኝ ልንገራችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእኔዋ ግን አፋፉንም አልፋ ሞርሲቶ ከተማ ድረስ ነው የተንከባለለችው።

የእህቴ ልጅ ምህረት ሯጭ ናት። ሯጭ ስላችሁ ባጃጅ እንዳያመልጣት የምትሮጥ እንዳይመስላችሁ፤ ውጭ አገር ሄዳ፣ ስሟን ፈረንጅ እያጣመመ ሲጠራው፣ አገሯን ወክላ የምትሮጥ ናት። ርቀቷ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ነው። ፈረንጆቹ ሲያምራቸው ደግሞ ማይል ያስሮጧታል። ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮና ያለበት ነበርና ሁላችንም ልባችን ተሰቅሏል፤ እሷም የውድድር ዘመኑን በአንድ የማይል ሩጫ ልትጀምር ነው።

ሩጫውን ያየነው ሙደሲር ሱቅ ነው። ሙደሲር ሱቁን ከአባቱ የወረሰ የጉራጌ ልጅ ነው፤ ለሠፈራችን ግን የሱቁ ዋና ዕቃ ዘይቱና ስኳሩ ሳይሆን ከዘይቱና ከስኳሩ በላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ነው። ያን ቀን ሱቁ ሞልቶ ሰው እስከ አስፋልቱ ቆሟል። ከሁሉም ፊት፣ በርጩማ ላይ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ጋሽ ሀንዲሶ ተቀምጠዋል። ጋሽ ሀንዲሶ የምህረት የሟች አባቷ ታላቅ ወንድም ናቸው። የሚኖሩት ሞርሲቶ ነው፤ ለሩጫው ብለው መጥተዋል።

ልጃችን እስከ መጨረሻው ዙር ከፊተኞቹ ጋር ነበረች። ደወሉ ሲደወል ሌሎቹ እንደ ቆርኪ ተፈናጠሩ። የእኛዋ ግን ደወሉ የትምህርት ቤት መውጫ መሰላት መሰለኝ፣ ቀስ እያለች፣ እየቀዘቀዘች ቀረች። አንዷ አለፈቻት። ሌላዋ አለፈቻት። ከዚያ መቁጠር ተውን። ስትጨርስ ከኋላዋ የነበረችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ እሷም አንድ ጫማዋ ወልቆ ነው።

መጀመሪያ የተነፈሰው ሙደሲር ነው።

«መምህር፣ ይሄ ማይል የሚሉት ስንት ነው?»

«አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሜትር ገደማ።»

«እሷ የለመደችው አንድ ሺህ አምስት መቶ። ታዲያ ትርፏ ምንድን ናት?»

«ያው የድሮ ፈረንጅ ሲለካ...»

«ምርቃት ናታ!» አለ ሙደሲር፤ ነጋዴ ስለሆነ ወዲያው ገባው። «ልጅቱ ዕቃውን በደንብ ሸጣለች። የጣላት ምርቃቱ ነው።»

ይህችን ይዘን ብንበተን ኖሮ ዛሬ ሰላም ነበርኩ። ግን ጋሽ ሀንዲሶ ከበርጩማቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ልጃችን ምን ሆና ነው?»

የተማርክ ሰው ነህ ከተባልኩ በኋላ አላውቅም ብዬ አላውቅም። ጉሮሮዬን ጠረግኩና ዓረፍተ ነገሬን ለቀቅኳት።

«የሚያሳስብ አይደለም ጋሽ ሀንዲሶ። የውድድሩ ዘመን ገና መጀመሩ ነው። ፎርሟን አላገኘችም።»

«አላገኘችም?»

«አላገኘችም።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹማ አግኝተዋል።»

ጋሽ ሀንዲሶ ከዘራቸውን መሬት ላይ አንዴ መቱ። «ገባኝ» አሉና ወጡ። እኔም ሰው ማስረዳቴ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንጸልይ ነው የነቃሁት። ዓይኔን ጨፍኜ አሜን እያልኩ ሳለ አንዱ ሽማግሌ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ጌታ ሆይ፣ የልጃችንን ፎርም የያዘውን እጅ አስለቅቅልን!» አሉ። ጉባኤው በአንድ ድምፅ «አሜን!» አለ። እኔም አሜን ብያለሁ። ከዚያ ነው ዓይኔን የገለጥኩት።

ስወጣ ወሬው በር ላይ ጠበቀኝ። ለሌሎቹ ሯጮች ፎርም ሲሰጥ የሐድያን ልጅ ለይተው ከልክለዋታል። ያለ ፎርም ነው የሮጠችው። ያለ ፎርም ሮጣ የመጨረሻ አለመውጣቷ ራሱ ተአምር ነው። «ማን ነው ያለው?» ብዬ ጠየቅሁ። «የገዛ አጎቷ፣ መምህሩ ተናግሯል» አሉኝ፤ እኔን ስላላወቁኝ ሳይሆን እንድኮራ ብለው።

በማግስቱ ጋሽ ሀንዲሶ ሽማግሌዎች አስከትለው ቤቴ መጡ። አሁን ወይም በጭራሽ ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ።

«አባቶቼ፣ ፎርም ማለት ወረቀቱ አይደለም። የሰውነት ብቃት ማለት ነው። ሯጭ ቀስ በቀስ እየተስተካከለች...»

ጋሽ ሀንዲሶ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ብቃት ነው አልክ?»

«ብቃት ነው።»

«ታዲያ ብቃትስ ቢሆን ያለ ፎርም የት ይመዘገባል?»

ሃያ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሞኝ አያውቅም። ዝምታዬን ደግሞ እንደ ማረጋገጫ ወሰዱት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ምህረት አታውቅም። አዲስ አበባ ያለው አሰልጣኟ፣ «የሻምፒዮናው ምርጫ ከመድረሱ በፊት ጥቂት ቀን እናትሽ ጋ ሄደሽ አእምሮሽን አሳርፊ» ብሎ ላካት። ለእኔ ደግሞ ደወለልኝ።

«መምህር፣ አደራ። ጠዋት ቀለል ያለ ሩጫ፣ ቀለል ያለ ምግብ፣ በጊዜ መኝታ። ስለ ውድድሩ ማንም እንዳያወራት። ከሁሉም በላይ ኪሎ እንዳትጨምር። ምርጫው ላይ ከሦስት ውስጥ ካልገባች ሻምፒዮናውን በቴሌቪዥን ነው የምታየው።»

«ሙሉ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» አልኩ። ይህን ስል ስለ አታካና አላሰብኩም ነበር።

አታካናን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ሐድያ የከበረ እንግዳ ሲመጣበት የሚያቀርበው፣ በቅቤና በወተት የሚሠራ ምግብ ነው። ቅቤ ይገባበታል ስል ጨው ይገባበታል እንደማለት አይደለም። ቅቤው ነው ቤቱ፤ ሌላው ተከራይ ነው። አታካና ቀርቦለት አልበላም ያለ እንግዳ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር የተጣላ ያህል ነው።

ምህረት ከመኪና ስትወርድ አጥንትና ጅማት ነበረች፤ ሯጭ መቼም እንዲህ ነው። ዘመድ ግን ሌላ ነገር አየ። ያልተሰጣት ፎርም ብቻ አይደለም፣ ምግብም ነው! በዚያው ቀን ከፎንቆ ከተማ አክስቷ ቅቤ ይዛ ደረሰች። ከዚያ ጎረቤት፣ ከዚያ የጸሎት ጓደኞች፣ ከዚያ የጎረቤት ዘመድ። ሁሉም በሰታቴ፣ በሳህን፣ በሸክላ ሸፍኖ ይመጣል። እህቴ ዘነበች እንግዳውን ማስቀየም አትችልም። ልጅቱ ደግሞ በዓይኗ ትለምነኛለች።

«ጋሼ፣ ምን ላድርግ?»

«አንቺ ውሃሽን ጠጪ» አልኳት። «እኔ አለሁ።»

በአገራችን አደራ የበላ ሰው ክፉ ነው። እኔ ግን አደራዬን የጠበቅሁት በመብላት ነው። እንግዳው ለመጸለይ ዓይኑን ሲጨፍን የእሷን ሙሉ ሳህን ከእኔ ባዶ ሳህን ጋር እንቀያየራለን። ጸሎቱ በረዘመ ቁጥር ብዙ እበላለሁ፤ የኛ ሰው ደግሞ ሲጸልይ አይቸኩልም። «እሰይ፣ ልጃችን በላች!» እያሉ ይሄዳሉ። ሳምንቱ ሳያልቅ የሱሪዬ ቁልፍ ሥራ ለቀቀ። ተማሪዎቼ ስለ ምድር ወገብ ሳስተምር የእኔን ወገብ እያዩ ይሳሳቁ ጀመር።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ አሰልጣኝ ነኝ። እሷ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው መንገድ ትሮጣለች፤ እኔ በባጃጅ እየተከተልኩ ሰዓት እይዛለሁ። አንድ ቀን ማይል በፍጥነት መሮጥ ነበረባት። «ጀምሪ!» ብዬ ስልኬን ተጫንኩ። ባጃጁ ይወዛወዛል፣ ነፋሱ ደስ ይላል፣ የትናንትናው አታካና ከታች ያሞቃል። ስነቃ ምህረት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከፊቴ ቆማለች።

«ስንት ሆነ ጋሼ?»

ስልኬን አየሁት። አልጀመረም ነበር። እንዳላሳዝናት ብዬ ከአፌ የመጣልኝን አልኳት።

«ይህን ሰዓት እስከ ዛሬ የሮጠች ሴት በዓለም ላይ የለችም እኮ።»

«እንዲያውም!» አልኩ። «ነግሬሻለሁ፣ እየተመለስሽ ነው።»

«ተኝተህ ነበር።»

መተኛቴስ ምንም አልነበረም፤ እሷ ይህን ሳትል ሰዓቱን ለአሰልጣኙ በመልእክት ልኬዋለሁ። ወዲያው ደወለ።

«መምህር፣ ርቀቱን በምን ለካችሁት?»

«በባጃጁ ቆጣሪ።»

«ቆጣሪው ይሠራል?»

ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ ሾፌሩን ጠየቅሁት። «ከገዛሁት ጀምሮ ቆሟል» አለ በኩራት።

ይህን ስትሰማ ምህረት ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ባጃጁን መልሰን በእግር ስንሄድ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ምናልባት አልቆልኝ ይሆን?» አለችኝ። «ደወሉ ሲደወል እግሬ እምቢ አይደለም ያለኝ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ሁሉም ሰው እያየኝ እንደሆነ ትዝ አለኝ፣ ከዚያ በቃ... መሮጡ አስጠላኝ። ምርጫው ላይ እንደዚያ ከሆንኩ እተወዋለሁ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ለመቀመጥ ራሱ ተቸግሬ።

በዚህ መሃል ነው እንግዲህ ሽማግሌዎቹ መጥተው ከክፍል የጠሩኝ። ወደ ስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ሊሄዱ ነው፤ ተናጋሪያቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ቢሮው ውስጥ አንድ ትሑት ባለሙያ ተነስቶ ወንበር ሰጠን፤ ወንበሩ አልበቃም፣ የቀሩት ቆሙ።

«ልጃችን ፎርም ተከልክላለች» አሉ ጋሽ ሀንዲሶ።

«የትኛውን ፎርም?»

«መምህር ይንገርህ።»

እውነቱን መናገር እችል ነበር። ግን ከኋላዬ ያንን ሁሉ ከዘራ አየሁ። «ያው... የሚሮጡበትን» አልኩ።

የሰውየው ፊት በራ። ወደዚያ ቢሮ የሚመጣ ሰው ኳስ ይጠይቃል፣ የለም፤ መረብ ይጠይቃል፣ የለም፤ ማልያ ይጠይቃል፣ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለውን ነገር የሚጠይቅ ሰው መጣለት።

«ፎርምማ ሞልቷል!» አለና መሳቢያውን ሳበ።

«ይህን ያህል ካለህ ለምን ከለከልካት?»

«ማንም አልጠየቀኝም እኮ አባቴ።»

ጋሽ ሀንዲሶ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «አያችሁ? ጠያቂ ነው ያጣችው።»

ከዚያ ማኅተም አሉ። ማኅተም የሚያደርጉት ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። «እንጠብቃለን» አሉና ሁሉም ጋቢያቸውን አስተካክለው ወለሉ ላይ ሳይቀር ተቀመጡ። ሰውየው ትንሽ አየንና ራሱ ስብሰባው ውስጥ ገብቶ ማኅተሙን ከነባለቤቱ ይዞ መጣ።

ፎርሙን ለልጅቱ የማስረከቡ ሥነ ሥርዓት ሞርሲቶ፣ ጋሽ ሀንዲሶ ግቢ ውስጥ ሆነ። ለምህረት የነገርኳት የዘመድ ግብዣ ነው ብዬ ብቻ ነው። ስንደርስ ድንኳን ተተክሏል፣ ወንበር ተደርድሯል፣ እንደዚያ ያለ የአታካና ሰታቴ በዕድሜዬ አላየሁም። ሆዴ አይቶት ጮኸ፤ በረሃብ እንዳይመስላችሁ፣ በፍርሃት ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ጸለየ። ጋሽ ሀንዲሶ በሐድይኛ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ሕዝቡ ልጁን እንደማይጥል፣ የተዘጋ ቢሮ በአንድነት እንደሚከፈት። በመጨረሻም በፕላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት በሁለት እጃቸው ዘረጉላት። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ምህረት ተቀበለችና ጎንበስ ብላ ወደ እኔ ተጠጋች።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ፎርምሽ ነው» አልኩ። «ፎርሟን አላገኘችም ብዬ ነበር... እና ፈልገው አመጡልሽ።»

ወረቀቱን አነበበችው። የቀበሌዎች ስፖርት ውድድር መመዝገቢያ ነው። የስፖርቱን ዓይነት ይምረጡ ይላል፤ መረብ ኳስ፣ ገመድ ጉተታ፣ ገበጣ። ሩጫ የለበትም። ምህረት ወረቀቱን ፊቷ ላይ ከደነችው። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ገደልኳት አልኩ በልቤ። እናቷ ስታይ አለቀሰች፣ አክስቷ ተከተለች፣ ሴቶቹ በሙሉ እንባቸውን በነጠላቸው ይጠርጉ ጀመር። ወረቀቱ ሲወርድ ልጅቱ እየሳቀች ነው። ድምፅ አውጥታ፣ ሆዷን ይዛ፣ መቆም እስኪያቅታት ትስቃለች። የሚያለቅሱት ግራ ተጋቡ፤ ከዚያ እነሱም ከእንባቸው ጋር መሳቅ ጀመሩ፤ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ።

ስትረጋጋ ተነስታ ቆመች።

«አባቶቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብዙ ቦታ ፈልጌ ያጣሁትን ነው ያመጣችሁልኝ።»

እዚያው ፈረመች። ገበጣ ላይ ምልክት ስታደርግ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ እጇን ታጥባ አታካናው ጋ ተቀመጠች።

«ምህረት፣ አሰልጣኙ...» አልኩ በሹክሹክታ።

«አሰልጣኙ ሞርሲቶ የለም። ደግሞ አንተ ይብቃህ፤ የምትተነፍሰው በአፍህ ሆኗል።»

በላች። ከአክስቷ እጅ ጎረሰች፣ ጋሽ ሀንዲሶን አጎረሰች። ያን ምሽት ባጃጅ ውስጥ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ሆሳዕና እስክንደርስ እንቅልፍ ወሰዳት። በነጋታው ጠዋት ስትሮጥ ባጃጁ ሊደርስባት አልቻለም። እርግጥ ቁልቁለት ነበር፤ ቢሆንም።

ወደ አዲስ አበባ ከተመለሰች በኋላ ከተማው በሁለት ተከፈለ። እነ ጋሽ ሀንዲሶ ችግሩ በፎርሙ ተፈቷል ይላሉ። እነ አክስቷ ደግሞ ወረቀት አይሮጥም፣ የሚሮጠው ቅቤ ነው ይላሉ። ሙደሲር ለብቻው ሦስተኛ ወገን ነው፤ ሻምፒዮናው አንድ ሺህ አምስት መቶ ስለሆነ ምርቃት የለበትም፣ አትስጉ ይላል። አሰልጣኙን ስጠይቀው ሥልጠና ነው አለ። እሱን የሰማው የለም።

የምርጫው ቀን ደረሰ። ሱቁ ሞላ። ደወሉ ሲደወል ሙደሲር በእጁ የነበረውን የስኳር ጆንያ አቀፈ። ምህረት ስድስተኛ ናት። መታጠፊያው ላይ አምስተኛ። ከዚያ ወደ ውጭኛው መስመር ወጣች፤ ጥርሷን ነክሳ ሳይሆን አፏን ከፈት አድርጋ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደማውቃት፣ አንድ ሰው እንዳሳደዳት። ሦስተኛዋን በመጨረሻዋ እርምጃ በደረቷ አለፈቻት።

ሦስተኛ! ስኳሩ ፈሰሰ። ጋሽ ሀንዲሶ ሙደሲርን አቅፈው ከመሬት አነሱት። እኔ ግን አልቆየሁም፤ ለእህቴ ቀድሜ የምነግር እኔ መሆን አለብኝ። ሮጥኩ። ያንን ሁሉ የሰው አታካና ተሸክሜ ዳገቱን ሮጥኩ።

ዘነበች ጓሮ እንሰቱ መሃል ነበረች። የልጇን ሩጫ ልቧ ስለማይችል አታይም፤ አይታም አታውቅም። ስታየኝ እጇ ላይ የነበረው ቢላዋ ወደቀ።

«ሦስተኛ...» አልኩ። ሌላ መናገር አልቻልኩም። ጣቶቼን አሳየኋት። «አለፈች... ሻምፒዮናው...»

መሬት ላይ ቁጭ አለች። በሁለት እጇ ዓይኗን ሸፍና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጸለየች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ቀና አለች።

«መጨረሻ የወጣችው ልጅስ?»

«ኧረ እቴ ዘነቡ!» አልኩ እየሳቅሁ፣ እያለከለክሁ። «መጨረሻ የወጣችውን ማን ያያታል?»

«እናቷ» አለችኝ።